ሴራ ያልነበረው ታሪክ

ሠርጌ አምስት ሳምንት ሲቀረው ፈረሰ። ለጥር 2015 ነበር የታሰበው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ የድንኳን ቀብድ ተከፍሎ፣ እናቴም ጌሾዋን አስወቅጣ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰባት ወራት ከሠላሳ በላይ የፍቅርና የልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች አነበብኩ። አንዳንዶቹ አስታመሙኝ፣ አንዳንዶቹ ከሰው አጣሉኝ። እንደ እኔ ተጎድታ መጽሐፍ ውስጥ የተደበቀች ካለች፣ እኔ የገባሁበትን ጉድጓድ አይታ እንድታልፍ ብዬ ነው የምጽፈው። ስለ መጻሕፍቱ ብቻ ላወራ ፈልጌ ነበር፤ ከራሴ ጣጣ ልለያቸው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሰውየው ሲተወኝ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ግን አልችልም።» አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ምክንያትም አልሰጠም። ደሴ ደግሞ ትልቅ ከተማ ትምሰል እንጂ ወሬ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ለመድረስ አንድ ብርጭቆ ሻይ አይፈጅበትም። «ምን አድርጋው ነው?» የሚለው ጥያቄ በራችን ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። እኔም ብሆን ሌት ተቀን ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ፒያሳ አካባቢ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፈው ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። ለሚያውቁት ሰው ያከራያሉም፤ መያዣ ትሰጫለሽ፣ መጽሐፉን ስትመልሺ ኪራያቸውን ቀንሰው ቀሪውን ይሰጡሻል። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ማታ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስገባ ወደ ቤት ሳይሆን ቀጥ ብዬ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው የፍቅር መጽሐፍ ነው። እዚያው ቁጢጥ ብዬ የመጨረሻውን ገጽ አነባለሁ፤ ጥንዶቹ ካልተገናኙ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ታዝበውኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ እንደ ኪታብ ከዚያ በኩል ነው እንዴ የምትከፍቺው?» አሉኝ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ሁለት ሳምንት አልፎኝ ነበር።

ይሄ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው። እኔ የምፈልገው መጽሐፍ አልነበረም፤ «ይመለሳል» ብሎ ማዘዣ የሚጽፍልኝ ሐኪም ነበር። መጨረሻቸው ያማረ አሥራ አንድ መጻሕፍት በላይ በላዩ አነበብኩ። ስቆጥራቸው በስምንቱ ጀግናዋ ራሷን ትስታለች፤ በአምስቱ ደግሞ ዝናብ እየዘነበ። ሰውየው ወይ ከውጭ አገር የተመለሰ ነው፣ ወይ የአባቱ ድርጅት ወራሽ ነው፤ ሲሠራ ግን አይታይም። «ያለ አንቺ ሕይወቴ ጨለማ ነው» ይላታል እንጂ «ምሳ በላሽ?» የሚል የለም። የሚለያዩትም ሁልጊዜ በአንድ ክፉ ሰው ነው፤ ደብዳቤ የምትደብቅ የእንጀራ እናት ትኖራለች፣ ወይ ወሬ የምታመላልስ ጓደኛ። ያቺ ሰው የተጋለጠች ዕለት ፍቅሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህችን ነገር ልብ በሏት፤ ኋላ እኔን ዋጋ አስከፍላኛለች።

ሁሉም እንዲያ ነበሩ ማለቴ አይደለም። አንዱ ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ ተገንጥለው ነበርና ርዕሱንም ደራሲውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። ባልና ሚስት ናቸው፤ የቤት ኪራይ ተጨምሮባቸው ሲነታረኩ ያመሻሉ። እንደተኳረፉ እራት ቀረበ። ባልየው ፊቷን ሳያይ ሚጥሚጣውን ወደ እሷ በኩል ገፋ አደረገው፤ ያለ ሚጥሚጣ እንደማትበላ ያውቃል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። እዚያ ገጽ ላይ አለቀስኩ። ዝናብ ላይ የወደቁት ሁሉ ተሰብስበው ያላስለቀሱኝን ይቺ ሚጥሚጣ አስለቀሰችኝ። ከዚያ ወዲህ የፍቅር ልብ ወለድ ስመርጥ መሐሉን ገልጬ ሁለቱ ስለ ምን እንደሚያወሩ አያለሁ። ስለ ፍቅር ብቻ ካወሩ መልሼ አኖረዋለሁ።

የዚያን ጊዜ ግን ይህን ገና አላወቅኩም። አንድ ሌሊት መጽሐፍ ዘግቼ ስልክ አነሳሁና ለቀድሞ እጮኛዬ ረጅም መልእክት ጻፍኩለት። «በልቤ ጓዳ ያኖርኩህ» ምናምን ይላል፤ አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። መልሱ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ፦ «ማን ነው የጻፈልሽ?» ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነው። እኔ በሕይወቴ ጓዳ ካልኩ ሽንኩርት የሚቀመጥበትን ማለቴ ነው። እህቶቼ፣ የፍቅር መጽሐፍ ባነበባችሁበት ሌሊት ለማንም ምንም አትላኩ። ጻፉት፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ አንብቡት። እኔ ከዚያ በኋላ ስድስት ጽፌ አሳደርኩ፤ ስድስቱንም ጠዋት አጠፋኋቸው።

ፍቅር ሰለቸኝ። «ጋሼ፣ ፍቅር የሌለበት ነገር ይስጡኝ» አልኳቸው። የወንጀልና የስለላ መጻሕፍት ከሥር እየጎተቱ አወጡልኝ። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ ታሪኮች ሲያቀብሉኝ፣ «የዋግ ሰው ናቸው እኮ፣ የእኛው የወሎ!» አሉኝ፤ የገዛ ወንድማቸውን ያህል ኮርተውባቸው። እኔም ወደድኳቸው፤ አማርኛቸው አይንዛዛም፣ ሰላዩ ሲያዝም ሲያመልጥም ዓረፍተ ነገሩ አይጮኽም። ከዚያ የሲድኒ ሼልደን ትርጉሞች ተከተሉ። እሱን ማንበብ ሐረጎን ፍሬን በሌለው መኪና መውረድ ነው። በር ይንኳኳና ምዕራፉ ያልቃል፤ ማን እንዳንኳኳ ሳታውቂ መብራት አታጠፊም። ጨርሰሽ ስትዘጊው ግን በማግስቱ የሰዎቹ ስም እንኳ አይታወስሽም። የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። የጣና ገዳማትንና የስለላ ድርጅቶችን በአንድ ታሪክ ውስጥ ማገናኘት ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱን አደነቅኩለት። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰዎቹ የማይችሉት ነገር ስለሌለ አልሰጋሁላቸውም። ላልሰጋሁለት ሰው ደግሞ ልቤ አይንጠለጠልም።

ሁለተኛው ስህተቴ እነዚህን አልጋ ላይ ማንበቤ ነው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱ ላይ ሲተኛ ጋቢ ተከናንቦ ከማንበብ የበለጠ የሚጥም ነገር የለም። «አንዲት ምዕራፍ ብቻ» እያልኩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ ጠመዝማዛው ላይ ጭንቅላቴ ከመስታወቱ ጋር ሲጋጭ እነቃለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የየካቲትን ሒሳብ ስንዘጋ አንድ የአቅራቢ ክፍያ ዴቢት መሆን ሲገባው ክሬዲት አስገብቼ ነበርና ልዩነቱን ፍለጋ ሦስት ሰዎች እስከ ማታ አመሸን። አለቃዬ አልተቆጡኝም። «ደህና ነሽ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ እሱ ባሰብኝ።

ሦስተኛው ግን ስህተት ማለትም ያንሰዋል።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ጥፋተኛው ከቶ የማይጠረጠረው ሰው ነው። አሥር ያህል ካነበብሽ በኋላ ገዳዩን ገጽ ሃምሳ ሳይደርስ ታውቂዋለሽ፤ ደጉን ሰው ነው መፈለግ፣ ሻይ የሚያቀርበውን፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር አብሮ የሚያለቅሰውን። እኔም የራሴን ታሪክ በዚህ ሕግ ከፈትኩት። ማስታወሻ ደብተር አወጣሁና ስም ዘረዘርኩ፤ እናቱ፣ እህቱ፣ አብራው የምትሠራው ልጅ። ከዚያ ቆም አልኩ። ከቶ የማይጠረጠረው ማን ነው?

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ ያለች ጓደኛ አለችኝ። ሙስሊም ናት። ሠርጉ የፈረሰ ሳምንት የነቢያት ጾም ነበርና ያንን አስባ ቅቤ የሌለው፣ በኑግ ዘይት ያሸችው ጭኮ ይዛልኝ መጣች። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር፤ በእጇ እየጠቀለለች አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። እንግዲህ የጠረጠርኩት እሷን ነው። ማስረጃ ለፈለገ ሰው መቼም አይጠፋም። ሲተወኝ ስነግራት አልደነገጠችም። የእሱ ስልክ ቁጥር አላት። «ምናልባት ይሻል ይሆናል» ብላለች። አንድ ማታ ስደውልላት መስመሯ ተይዞ ነበር፤ ወዲያው እሱ ጋ ስሞክር የእሱም ተይዟል። ይህችን የመጨረሻዋን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩባት።

መናፈሻ አካባቢ አንድ ካፌ ቀጠርኳት። መጽሐፉ ውስጥ እንዳለው መርማሪ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም በቅደም ተከተል አቀረብኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝ። አልካደችም፣ አላለቀሰችም። ሻይዋ ሳይነካ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ሠራ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የሁለታችንንም ሒሳብ ከፈለችና ሄደች። የኔን እብደት ከዚህ እወቁት፤ ቤት ገብቼ «ዝምታዋ አጋለጣት» ብዬ ጻፍኩ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሽማግሌ ሆነው መጥተው የነበሩት አጎቱ ነገሩን ለመጨረስ እኛ ቤት መጡ። ሌላ ሴት አልነበረችም። «ልጁ ፈራ፤ በቃ ፈራ። እኛም አልገባንም» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። እሳቸው ሲወጡ እናቴን ስለዚያ የስልክ ማታ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ከእኔ ጋር ነበራ ስታወራ። እንቅልፍ እንዳጣሽ ነግራኝ ምን እናድርግ እያልን ነበር።»

ትምህርት ቤት ስለ ልብ ወለድ ስንማር ሴራ ማለት ድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት ገመድ ነው ተብለናል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሴራ ማለት ተንኮል ነው። እኔ ሁለቱን አምታታኋቸው፤ ታሪኬ ምክንያት ስላጣ ተንኮል አበጀሁለት። ልብ ወለድ እንዲህ ያደርጋል ብዬ መጽሐፍን መክሰስ ግን አልፈልግም። መጽሐፉ ስለ ሌላ ሰው ነበር የሚያወራው፤ ወደ ራሴ ቤት ጎትቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ግንቦት ላይ እናቴ የዓመት ፈቃዴን አስወጥታ ሐይቅ፣ አያቴ ጋ ላከችኝ። አያቴን እምዬ ነው የምላት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት የቀዶ ጥገና ወረፋ ትጠብቅ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በዳበሳ ጥጥ ትፈትላለች። ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ጥግ ይዤ ሳነብ ሁለት ቀን ታገሰችኝና በሦስተኛው ቀን፣ «ልጄ፣ ብቻሽን የምትበዪው ምንድን ነው? ጮክ በይና እኔም ልቅመስ» አለችኝ።

በእጄ የነበረው ትርጉም የወንጀል ታሪክ ነው። ጀመርኩላት። መርማሪው አስከሬን አይቶ፣ ሰው ጠይቆ፣ መኪናውን አስነስቶ እየሄደ ነው።

«ይሄ ሰውዬ እናት የለውም?» አለች።

«አልተጻፈም እምዬ።»

ሁለት ገጽ ቆይታ፣ «ሲበላም አልሰማሁ» አለች። «ሦስት ቀኑ እኮ ነው፤ እህል አልቀመሰም።»

ለቡና የመጡት ጎረቤቷ እትዬ ጣልቃ ገቡ፤ «አብሽሪ፣ ገዳዩን ሲይዝ ይበላል።»

እየሳቅኩ ማንበብ አቃተኝ። ነገር ግን ልክ ናቸው፤ ያ መርማሪ ሰው አልነበረም፣ መኪና የሚነዳ ጥያቄ ነበር። በዚህ ዓይነት አያቴ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት መጻሕፍት ጣለችብኝ። ጮክ ብሎ ማንበብ ደካማ መጽሐፍን ራቁቱን ያስቀረዋል። በዓይኔ ዘልዬ የማልፈውን ገለጻ በአፌ መዝለል አልቻልኩም፤ ሰው የማይናገረው ንግግር ሲመጣ ምላሴ ይደናቀፋል። ጀግናዋ «ፍቅሬ ሆይ» ስትል እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ማንን ነው የምትጠራው?» አሉ፤ እውነት መስሏቸው። አንድ መጽሐፍ ጥሩ ይሁን መጥፎ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሁለት ገጽ ለአያታችሁ አንብቡላት። አያት ከሌላችሁ ጎረቤት ይበቃል።

ልማድ ሆነ። አቦል ላይ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፤ ቶና ላይ ይከራከራሉ፤ በረካ ላይ ነገ የሚሆነውን ይገምታሉ። ከአንድ ምዕራፍ በላይ አይፈቀድም፤ እምዬ «ለነገ ይደር» ካለች አለቀ። የሚገርመው፣ ያ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ ያለኝ የልብ መንጠልጠል ቀን በቀን ሲሆን ደስታ ሆነ። ማድቤት ስገባም ገበያ ስሄድም ገዳዩን አስባለሁ፤ ሲመሽ ግን መጽሐፍ አልገልጥም። ስልኬን ሌላ ክፍል አኖራለሁ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሲኒ ቡና እየጠጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እተኛ ጀመር፤ ለሐኪም ብነግረው የሚያምነኝ አይመስለኝም። ልብ አንጠልጣይ የምትወዱና እንቅልፍ ያጣችሁ፣ መጽሐፉን አትተዉት፤ ሰዓቱን ቀይሩት።

እዚህ ላይ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። ይዤያቸው የሄድኳቸው መጻሕፍት ሲያልቁ በቴሌግራም የሚዘዋወር አንድ የአገራችን የወንጀል ልብ ወለድ በፒዲኤፍ አወረድኩ። አራት ቀን በጉጉት አነበብኩላቸው። በአምስተኛው ቀን ወንጀለኛው ሊገለጥ ሲል ገጹ አለቀ፤ ፎቶ ያነሳው ሰው መጨረሻውን አላነሳም። እምዬ «ቀጥዪ» ትላለች፣ እኔ ስልኩን እጨማምቃለሁ። ያን ቀን እትዬ ቡናውን ጥለው ሊሄዱ ነበር። ኋላ ሁለቱ ተመካክረው መጨረሻውን ራሳቸው ጨረሱት፦ ገዳዩ ወጥቶ አመነ፣ አስታራቂዎቹ አበጋሮች ገቡ፣ የደም ካሳ ተከፈለ፣ ሁለቱ ቤተሰብ ታረቀ። ወደ ደሴ ስመለስ እውነተኛውን ቅጂ ገዝቼ አየሁት። የእነሱ ይሻላል። ቢሆንም ግዙ፤ እዚህ አገር ብዙው ደራሲ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚያሳትመው። በስልክ ማንበባችሁ ካልቀረም መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ገጾች መኖራቸውን እዩ፤ ሳታነቡ።

ሁለተኛው ወር ላይ እምዬ ራሷ መጽሐፍ አዘዘች። «ያቺ ሰብለ ያለችበትን አምጪልኝ።» ፍቅር እስከ መቃብርን ማለቷ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ እሷ የምታውቀው በጆሮዋ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እንዝርቷን አስቀምጣ ትሰማ ነበር። ከእሱ በኋላ እኔ ምን ዋጋ አለኝ! «አይ፣ ጉዱ ካሳ እንዲህ ፈጥኖ አይናገርም» እያለች አስቆመችኝ፤ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ያነበብኩበት ቀን አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር አሁን የምሄደው፣ ከደሴ እየተመላለስኩ፤ መጽሐፉ ወፍራም ነውና ገና ሳንጨርሰው ክረምት ገባ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ሳነበው ፊታውራሪ መሸሻን ጠልቼ አልፌ ነበር። አሁን ሳየው ደብዳቤ የሚደብቅ፣ ወሬ የሚያመላልስ ተንኮለኛ ፈልጌ አጣሁ። ፊታውራሪ ያደጉበትን ኩራት ይዘው ልጃቸውን የሚመጥን ዘር አጣሁ ይላሉ። በዛብህ የብጽዓት ልጅ ነው፤ እናቱ በተሳሉት ስለት ታስሮ ፍቅሩንም ስለቱንም ይፈራል። ሁሉም የየራሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ጥፋቱ የሚደርሰው ከመሐላቸው ነው። እምዬ እዚያ የፍርሃቱ ቦታ ላይ ስንደርስ፣ «ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «የምትጠብቀዋ ግን አታሳዝንም?» አለች። ስለ እኔ ትሁን ስለ ሰብለ አልጠየቅኳትም።

ኦሮማይን ብቻዬን ነው ያነበብኩት፤ ሐይቁ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራሴ ሕግ። በዓሉ ግርማ በ1975 ያወጣው፣ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበበት፣ ደራሲው ራሱም በ1976 የካቲት ደብዛው የጠፋበት መጽሐፍ ነው። ስለላም፣ ጦርነትም፣ ፍቅርም አለበት፤ በአማርኛ ልብ አንጠልጣይ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ሰው ከእሱ እንዲጀምር ነው የምመክረው፤ እዚህ ያሉት ሰዎች ይፈራሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሳሳታሉና ትሰጊላቸዋለሽ። ያነበበው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፊያሜታ ነው። እኔ ያነበብኩት ስለ ሮማን ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ወደ አስመራ ሲሄድ አዲስ አበባ ትቷት የሄደው እጮኛው ናት። ፊያሜታ ስትመጣ ገጹ ይሞቃል፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ሞቅ ያለ ገጽ ስገልጥ «ሮማንስ አሁን ምን እያደረገች ነው?» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ፊያሜታን ልጠላት ፈልጌ አልቻልኩም። ደራሲው አያስጠላትም። ይህን መጽሐፍ በመጀመሪያው ወር አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ግን እገነጥለው ነበር። ቁስላችሁን በቀጥታ የሚነካ መጽሐፍ ካለ ጥሩ ነው ተብሎ ስለተመሰከረለት ብቻ ቶሎ አትክፈቱት፤ መደርደሪያ ላይ ይጠብቃችኋል።

ወደ ጓደኛዬ የመለሰኝ የማርጋሬት ሚሼል መጽሐፍ ነው፤ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው፣ ነገም ሌላ ቀን ነው። እንደዚያ ተሠርቶ እጄ የገባን መጽሐፍ ገጽ እየዘለልኩ ማንበብ አሳፈረኝ። የመርማሪ ታሪክ አይደለም፤ ካነበብኳቸው መርማሪዎች ሁሉ በላይ እኔን ያጋለጠኝ ግን እሱ ነው። ስካርሌት አሽሊን ትወዳለች፤ አሽሊ ሜላኒን አገባ፤ ስለዚህ ስካርሌት ሜላኒን በልቧ ስትጠላት ትኖራለች። ከተማው በስካርሌትና በአሽሊ ላይ ወሬ ያወራ ዕለት ሜላኒ ስካርሌትን እንግዶቿ ፊት ከጎኗ አቆመቻት። ለወሬው ጆሮ አልሰጠችም። እዚያ ገጽ ላይ ድምፄ ጠፋ። ሻይ ላይ የሠራው ቆዳ ታየኝ።

እምዬ እንዝርቷን አቆመች። «ውሃ ጠጪ» አለችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ እሑድ ደሴ ገብቼ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ሠርጉ ሳይፈርስ ያዋሰችኝ አንድ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ እኔ ጋ ነበር፤ ባዶ እጄን ማንኳኳት ስለፈራሁ እሱን ያዝኩ። በሩን ስትከፍት እጇ ሊጥ ነበር። ከየትም ያልቀዳሁት ነገር አፌ ላይ የመጣልኝ «በድዬሻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ናት። መጽሐፉን አየችው።

«ጨረስሽው?»

«አልጀመርኩትም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ትመልሺዋለሽ?»

ግቢ አላለችኝም። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ እኔ እስክሄድ ቆማ ነበር። በሦስተኛው ሙከራዬ ቡና ተፈላልኝ። እንደ ድሮው ነን ብዬ አልዋሽም፤ ሁሉን ነገር አትነግረኝም፣ እኔም እንድትነግረኝ አልጎተጉታትም። መጽሐፉን አንብቤ መለስኩላት፤ ደካማ ነው፣ ገዳዩ ደጉ ጎረቤት ነው።

አያቴ አንድ ዓይኗ በቀዶ ጥገና ተከፍቶላታል፤ እንዲያም ሆኖ መነበብ አለበት ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ አብራኝ ሐይቅ መጣች። ከእኔ ይልቅ እሷ ታነባለች፤ የሴቱን በሴት፣ የወንዱን በወንድ ድምፅ፤ እትዬ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ብለዋታል። አዲስ የወንጀል ታሪክ ነው የጀመርነው። በረካ ላይ እምዬ እንደ ልማዷ፣ «እንግዲህ ማን ነው ትላላችሁ ጥፋተኛው?» ብላ ጠየቀች። ጓደኛዬ ገጹን በጣቷ ይዛ መጽሐፉን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«እሷን ይጠይቋት እማማ፤ መጠርጠር ታውቅበታለች።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ጀበናውን አንስቼ መጀመሪያ ለእሷ ቀዳሁላት።